የስልኬን ባትሪ ማን በላው?

ልጄ «ልምጣ ወይስ ልቆይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነይ» ልላት አፌን ስከፍት ስልኩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አዲስ ስልክ ነው፤ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ጠዋት ሙሉ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግቢው መሃል ቆሜ «ሄሎ! ሄሎ! ልጄ!» እያልኩ የሞተ ስልክ ላይ ስጮህ ቆየሁና ቀና ስል ተከራዬ በሯ ላይ ሆና ታየኛለች። «ምን ያስቆምሻል?» አልኳት። ያኔ ገና አልጠረጠርኳትም ነበር፤ ንዴቴ ነው የተናገረው።

ልጄ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ማዳሟ ደግሞ «ፈርሚና ቆዪልኝ» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታታለች። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፣ ሰው ሲጫናት እምቢ ማለት አይሆንላትም። «አንቺ እንዳልሽኝ ነው የማደርገው እማ» አለችኝ። እኔ ደግሞ መልሱ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ምላሴ ላይ ነው። ትምጣልኝ እንጂ! ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አባቷ ሞቷል፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ችግሩ እኔ ልደውልላት አልችልም። የራሷን ስልክ ማዳሟ ስለያዘችባት ባገኘችው ስልክ ነው የምትደውለው፤ አንዴ በጎረቤት ሠራተኛ፣ አንዴ በቤቱ ስልክ። የደወለችበትን ቁጥር መልሼ ስሞክር አንድ ሰውዬ በዐረብኛ ይጮህብኛል። ስለዚህ ያለኝ መጠበቅ ነው። የምትደውለው ማዳሟ ምሳ በልታ ስታሸልብ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ያ ስልክ ነፍስ ኖሮት መገኘት አለበት። የልጄ መምጣት በአንድ ባትሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስልኩን የላከችልኝም እሷው ናት። «ፊትሽን ማየት ናፈቀኝ፣ ያቺን ትንሿን ስልክሽን ተያት» ብላ ወደ አገር ቤት በምትመለስ አንዲት ሴት እጅ ላከችው። አሮጌዋ ስልኬም ሲሟን አስረክባ ጡረታ ወጣች። አዲሱን ልቀበል ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ሴትየዋ ካርቶኑን ስትሰጠኝ ክፍት ነው። «ምነው ተከፈተ?» ስላት «ኤርፖርት ላይ እንዳያንገላቱኝ ብዬ እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለችኝ። እሺ ይሁን አልኩና መርቄያት ወጣሁ። ባትሪው ማለቅ ሲጀምር ግን ያ ክፍት ካርቶን ዓይኔ ላይ መጣ። ደህናውን አስቀርታ የራሷን ቢሆንስ የሰጠችኝ? ሰላም ልልሽ ብዬ ነው በሚል ሰበብ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትየዋ ደስ ብሏት ሻይ አፍልታ ተቀበለችኝ፤ የእኔ ዓይን ግን ከእጇ አልተነቀለም፣ በምን ስልክ እንደምታወራ ልይ ብዬ ነው። ሲደወልላት ያወጣችው መስታወቱ የተሰነጣጠቀ ስልክ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይመለስ ነበር። እኔ «አሃ፣ ደህናውን ደብቃዋለች» እያልኩ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ይቺ ጠባይ ከየት እንደመጣችብኝ እንጃ። ነፍሱን ይማረውና ባሌ «አንቺ እኮ ጸበል እንኳ አሽትተሽ ነው የምትጠጪው» ይለኝ ነበር። ይበል! አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጥግ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያላየሁት ጉድ የለም። በታክሲ ግፊያ መሃል ከሰው ጆሮ ላይ ስልክ መንጭቀው ሲሮጡ ስንቴ አይቻለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ሽንኩርት እየመረጠች ስታወራ እጇ ጆሮዋ ላይ ቀረ፣ ስልኩ ግን የለም። ስለዚህ የእኔ ስልክ ገበያ አይወጣም። ጠዋት ልሄድ ስል በነጠላ እጠቀልለዋለሁ። ከአልጋዬ ሥር፣ ስዳር እናቴ የሰጠችኝ የብረት ሳጥን አለች፤ እሷን ስቤ ከልብሱ ሁሉ ሥር እቀብረዋለሁ፣ በጓጉንቸር እዘጋዋለሁ፣ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስረዋለሁ። እኛ ቤት ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ የኖረው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የቤቱ ካርታ በሉት፣ የጣት ቀለበቴ በሉት፣ የባሌ ፎቶ በሉት። ስልኩን ግን አላጠፋውም። አጥፍቼ ስከፍተው የሚጠይቀኝ የሚስጥር ቁጥር አለ፣ እሱን ብረሳውስ? ደግሞስ ልጄ ከምትደውልበት ሰዓት በፊት ቤቴ ገብቼ አወጣዋለሁ፤ ምን ቸገረኝ።

እንግዲህ ጉዱ የሚመጣው ያን ሳጥን ስከፍት ነው። ጠዋት ሙሉ አድርጌ የቀበርኩት ስልክ ሩብ እንኳ አይተርፈውም። ከዚያ በላይ ያስደነገጠኝ ግን መሞቁ ነው። ሰው ሲያወራበት ቆይቶ አሁን ገና አስቀምጦት የሄደ ይመስላል። ጉንጬ ላይ አድርጌ አየሁት፤ ትኩስ ነው። ካወጣሁት በኋላ ደግሞ ቲን ቲን እያለ መልእክት ይገባበታል፤ የጥቅል ማስታወቂያ ነው ብዬ አላነበውም፣ ዓይኔም ያን ደቃቅ ጽሑፍ አይችልም። መብራት ካለ ሮጬ እሰካዋለሁ። በእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ መሄድ ይወዳል። ልጄ ያን ቀን ስታወራኝ የተቋረጠብንም መብራት ጠፍቶ፣ በዚያች በተረፈችው ባትሪ ስናወራ ነው።

መጀመሪያ የረዳችኝ ተከራዬ ናት። ጓሮ ባለችው ክፍል የምትኖር ወጣት ናት፤ አመሻሽ ላይ ሆቴል ወጥ ቤት ትገባለች፣ ከጠዋት ጀምሮ እስከዚያ ቤት ናት። «እትዬ፣ አምጡት እስኪ» ብላ ተቀበለችኝና የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰችልኝ፣ ሎኬሽን የሚሉትን አጠፋችልኝ፣ «እነዚህ ሳይታዩ ከኋላ ሆነው ባትሪ የሚበሉ ናቸው» እያለች አፕ የሚባሉትን አንድ በአንድ ዘጋችልኝ። «ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ አይሙሉት» ብላም መከረችኝ። አመሰገንኳት። ቤቴ ገብቼ ቁጭ ስል ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ይቺ ልጅ የእኔን ስልክ እንዲህ አብጠርጥራ ያወቀችው መቼ ነው? ጣቷ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ የለመደ ጣት ነው። በማግስቱም ሳጥኑን ስከፍት ስልኩ እንደ ልማዱ ተሟጦ፣ እንደ ልማዱ ሞቆ ጠበቀኝ።

ማዞሪያው ላይ ስልክ የሚጠግን ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። «ይተዉልኝና በኋላ ይምጡ» ይለኛል። ልተውልህ? ኦሪጅናሉን ባትሪ አውጥተህ ከቆሼ ቆሻሻ ውስጥ የተለቀመ ልትከትበት? ይህን በሆዴ ነው የምለው፤ በአፌ ግን «ግድ የለም፣ እዚሁ እጠብቃለሁ» ብዬ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ሳልነቅል ስለማየው ሰውዬው ተጨነቀ፤ ብሎን መፍቻው ሁለቴ ከእጁ ወደቀ። በራሱ ቻርጀር ሞላው፣ የሚያየውን አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞት ሌላ ሥራውን ያዘ። እኔም ሽንኩርቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ ስልክ ስጠብቅ ረፈደብኝ። በመጨረሻ አንስቶ አሳየኝ፤ ባትሪው ከሙላቱ ፈቀቅ አላለም። «እናቴ፣ ይሄ ስልክ ምንም የለበትም። ባትሪውም ጤነኛ ነው። እዚህ ካልቀነሰና ቤት ከቀነሰ፣ ቤት የሚነካካብዎት ሰው አለ ማለት ነው» አለኝ።

ከዚህ በላይ ምን ልስማ? ጠዋት ግቢው ውስጥ ማን አለ? እሷ። ስልክ መነካካት የሚያውቅ ማን ነው? እሷ። ልጄ ያወራችኝ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጠኝ የነበረውስ? እመንገድ ላይ ብቻዬን እያወራሁ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ወዲያው ግን አልተናገርኳትም። እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛት አልኩ። አዲስ ጓጉንቸር ገዛሁ፣ ከድሮው የሚጠነክር። ከነጠላዬ ጥለት ደግሞ አንድ ቀይ ክር መዝዤ የሳጥኑ ክዳንና አፉ የሚገጥሙበት ላይ በምራቄ አጣበቅሁ፤ ማንም ቢከፍተው ክሩ ይወድቃል። ያን ቀን ገበያ ውዬ ሐሳቤ ሁሉ ክሩ ላይ ነበር፤ አንዲት ሴት ካሮት ጠይቃኝ ቃሪያ ቋጠርኩላት። ስመለስ በጫማዬ ድምፅ እንዳትነቃብኝ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጆሮዬን ግድግዳዋ ላይ ደገፍኩ። በስልክ እያወራች ትስቃለች። በእኔ ባትሪ ነው የምትስቀው አልኩ። ሮጬ ሳጥኑ ጋ ስደርስ ክሩ ንቅንቅ አላለም። ከፈትኩት። ስልኩ ሞቋል፣ ባትሪው አልቋል። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

ነገሩን ያብራራችልኝ ከጎኔ ጎመን የምትሸጠው ወዳጄ ናት። «አንቺ ደግሞ! ዘንድሮ ሰው በእጁ ይሰርቃል እንዴ? በአየር ነው የሚስቡት። ዋይፋይ የሚሉት አለ፣ ግድግዳ አይዘውም። የኔው ልጅ ከጎረቤት እየሳበ አይደል እንዴ ፊልም የሚያየው» አለችኝ። በቃ፣ ገባኝ። ክሩ ያልወደቀው ለዚህ ነው! በግድግዳ እየሳበች ነው የምትጨርስብኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ አልደወለችም። ኮንትራቷ የሚያልቅበት ጊዜ እየቀረበ መጥቷል። ከሰዓት ከሰዓት ስልኩን ሰክቼ እንደ በሽተኛ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እየወረደ እየወረደ ሲሄድ እያየሁ አምላኬን እለምናለሁ። ስልኩ በሞተ ቁጥር አሁን ነው የደወለችው እላለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እንደገባሁ የተከራዬን በር ደበደብኩት። ፀጉሯን እየሸፈነች ወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ የምታደርጊውን አውቄብሻለሁ!» አልኳት።

«ምን አደረግኩ እትዬ?»

«ባትሪዬን በግድግዳ እየሳብሽ የምትጨርሺው አንቺ ነሽ! ልጄ የምትደውልልኝ በዚህ ስልክ ነው። ልጄን ነው የምታስቀሪብኝ፣ ገባሽ? ልጄን!» እንባዬ ቀደመኝ። ልጅቷ መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ፈገግ ብላ ነበር፤ እንባዬን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ወላሂ እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ከሰጡኝ ቀን በቀር ስልክዎን ነክቼው አላውቅም። ባትሪ ደግሞ በግድግዳ አይሳብም። ሌባ ተብዬማ እዚህ አልኖርም» ብላ ገባችና ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፈተችው። ልብሷን ስትከት ስትከት ቆይታ ቆም አለች። «ግን ጠዋት ሲሄዱ የት ነው የሚያስቀምጡት?» አለችኝ።

ይህን ለምን ትጠይቀኛለች? ቦታውን ልታውቅ ነዋ!

«እትዬ፣ እኔ እንደሆንኩ ልሄድ ነው። ያሳዩኝ» አለች። ሳልወድ በግዴ ወሰድኳት።

ሳጥኑን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። «በሉ እንደ ሁልጊዜው ያስቀምጡት» አለችኝ። ጠቀለልኩ፣ ቀበርኩ፣ ቆለፍኩ፣ ከአልጋ ሥር ገፋሁ። እሷ የራሷን ስልክ አውጥታ ደወለችልኝና ድምፁን ከፍ አደረገችው። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት። ሳጥኑ ጭጭ። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው።

«አዩ? ሳጥኑ ብረት ነው። በዚያ ላይ ከልብስ ሥር፣ በዚያ ላይ ከአልጋ ሥር። ኔትወርክ አይገባውም። ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ሲያጣ አርፎ አይቀመጥም፤ ሲፈልግ ነው የሚውለው። የሚሞቀውም የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ማንም አልነካብዎትም» አለችኝ።

ከሌባ ልደብቀው ስል የጨረስኩት እኔው! እግሯ ላይ ልወድቅ ዝቅ ስል «ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው!» ብላ ደግፋ አነሳችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት፣ ይቅር አለችኝ፣ ሻንጣዋንም መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ግን ቧንቧ ጋ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ በሯን ትቆልፋለች። ድሮ እንዲህ አታደርግም ነበር። ምን እላታለሁ?

እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን ከኀፍረቴ ደስታዬ ይበልጥ ነበር። ለስልኩ የጨርቅ ኪስ ሰፍቼ ከቀሚሴ ሥር ደረቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ባትሪው ጠዋት የሞላሁት እስከ ማታ ይዘልቃል፤ መብራት ሄደ ቀረ ደንታዬም አይደል። «አሁን ትደውል!» እላለሁ። የምላትንም አዘጋጀሁ። ሰላምታም አያስፈልግ፣ ጤናም መጠየቅ አያስፈልግ። መጀመሪያ «ነይ» ነው የምላት፣ ሌላው ይደርሳል።

ደወለች። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ቁጥሩ እንግዳ ነው፣ ግን የሷ መሆኑን ልቤ ቀድሞ ነገረኝ። «ነይ!» አልኩ ሄሎ እንኳ ሳልል። «ነይ ልጄ፣ ትተሽው ነይ፣ እኔ ምንም አልፈልግም፣ አንቺ ብቻ ነይልኝ!»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ፈረምኩ እኮ።»

«ምኑን?»

«ኮንትራቱን። የማዳም ልጆች ትምህርት ቤት ስለጀመሩ ጠዋት ቤቱ ባዶ ነው፣ ከሰዓት ግን አልመች አለኝ። በቤቱ ስልክ ጠዋት ጠዋት ስደውልልሽ ነበር። ስደውል ያቺ የስልኩ ሴትዮ አይገኙም ትለኛለች፣ ስደውል አይገኙም ትለኛለች። ማዳም ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪኝ አለች። ስልክሽን የዘጋሽብኝ አትምጪ ማለትሽ ነው ብዬ...» አልጨረሰችውም።

እርጥብ ልብስ በእጄ እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳጥኑን፣ ነጠላውን፣ ጓጉንቸሩን፣ በምራቅ ያጣበቅሁትን ክር፣ ማስታወቂያ ነው ብዬ ያላነበብኩትን ያን ሁሉ መልእክት። ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ አላስችል አለኝና ጠየቅኋት።

«ብታገኚኝ ኖሮ፣ ነይ ብልሽ ኖሮ፣ ትመጪ ነበር?»

«አዎ እማ!» አለች፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ።

«ሳጥኑ ነው እንግዲህ» አልኳት።

«አዎ፣ ሳጥኑ ነው» አለችኝ። እሱንም ፈጠን ብላ ነው ያለችው።

የፈረምሽው ያለሽበትን አገር ለምደሽው ነው ወይ፣ መምጣቱን ፈርተሽ ነው ወይ፣ አዎ ያልሽኝስ እናቴ እንዳይከፋት ብለሽ ነው ወይ አላልኳትም። ዓለም ባንክ ያለችውን ሴት፣ ስልክ ጠጋኙን፣ ምስኪኗን ተከራዬን ሁሉ የመረመርኩ ሴትዮ፣ እሷን ግን ሳላጣራ አመንኳት።